የኔታን ያቆማል የተባለው ቀበቶ

የኔታ ክንፈሚካኤል መቆም ያቃታቸው በጥቅምት፣ በጽጌ ማኅሌት ወራት ነው።

ከማንኩሳ ከፍ ብላ ባለችው የቂርቆስ ደብር አቋቋም ማስተማር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አቋቋም ካህናቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው፣ በከበሮ እየታጀቡ፣ ሰውነታቸውን እያወዛወዙ እየዘመሙ ማኅሌት የሚቆሙበት ትምህርት ነው። መምህሩ ቆሞ ካላሳየ ተማሪው አይማረውም። የኔታ ደግሞ ዝማሜያቸው የተመሰገነ፣ ከሽንዲና ከግሽ ዓባይ ድረስ ተማሪ የሚመጣላቸው ሰው ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ማኅሌቱ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ወገባቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ይጠጉና ይቀመጡ ጀመር።

«የአቋቋም መምህር መቆም ካቃተው ምኑን መምህር ሆነ?» ይላሉ ለተማሪዎቻቸው፣ ራሳቸው ቀድመው እየሳቁ። ተማሪዎቹ ግን አይስቁም።

ባለቤታቸው ወለተ ሐና ቅቤ አንጥረው አሿቸው። ወጌሻ ተጠራ፤ ወገባቸውን ደባብሶ «አጥንት አልተናጋም፣ ብርድ ነው» ብሎ ሄደ። ጠበልም ተጠመቁ። ሕመሙ ጥቂት ቀን ፋታ ይሰጣቸውና ተመልሶ ይመጣል።

የሟች እህታቸው ልጅ ሠርክአዲስ ይህን የሰማችው ቡሬ ሆና ነው። እናቷ የሞተችው እሷ ነፍስ ሳታውቅ ስለነበር ያሳደጓት ልጅ ያልነበራቸው የኔታና ወለተ ሐና ናቸው። ቤቱ ሁልጊዜ ተማሪ ስለማይጠፋበት እሷም ከተማሪዎቹ ሰምታ «የኔታ» ስትል አደገች። አጎቴ ብላቸው አታውቅም። ወለተ ሐናን ደግሞ «እቴቴ» ትላቸዋለች።

ሠርክአዲስ በቡሬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናው ላይ አንገቷን ደፍታ ስለምትውል ማጅራቷ እየደረቀ ያሠቃያት ነበር። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባበት ዓመት አንዲት ደንበኛዋ የማግኔት ሐብል አምጥታ አንገቷ ላይ አሰረችላት። ብዙም ሳይቆይ ማጅራቷ ለቀቃት። ሐብሉ ይሁን፣ በዚያው ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞ ማረፏ ይሁን አልመረመረችም። ደስ አላት፤ አመነች። ወዲያው የማግኔት ዕቃ ከሚሸጡት ሰዎች ጋር ገባችና አምባሩን፣ ሐብሉን፣ ጫማ ውስጥ የሚነጠፈውን፣ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ ይዛ በየሰፈሩ ትዞር ጀመር። ቡድኑን የሚመራው ወንዳወቅ የሚባል፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። መናገር ያውቅበታል። «እኛ ዕቃ አንሸጥም፤ ጤና ነው የምናካፍለው» ይላል። ሠርክአዲስ ይህን ቃል ትወደው ነበር።

የየኔታን መታመም እንደሰማች ቀበቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ በጧት አውቶቡስ ማንኩሳ ወረደች፤ ከዚያ በእግሯ ወጣች። የኔታን ያገኘቻቸው ደጃፋቸው ካለው የግራር ጥላ ሥር፣ መደብ ላይ በጎናቸው ጋደም ብለው፣ ተማሪ ቃል እያስከተሉ ሲያስቀጽሉ ነው። ሲያዩዋት ለመነሣት ሞከሩ፤ ፊታቸው ጭምድድ አለ።

«አይነሡ፣ አይነሡ የኔታ!»

«ኧረ እንዴት ብዬ! ልጄ መጥታ ተኝቼ ልቀበላት?» አሉና በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ ቀበቶውን ፈትታ አሳየቻቸው። ጥቁር፣ ሰፊ፣ በውስጥ በኩል እንደ አዝራር ክብ የሆኑ ትንንሽ ጥቋቁር ድንጋዮች የተሰፉበት ነው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ማግኔት ነው፣ የኔታ።»

«ሬዲዮን ሲበላሽ ልጆች ከሆዱ የሚያወጡት?»

«አዎ፣ እሱን የመሰለ ነው። ደማችን ውስጥ ብረት አለ። ማግኔቱ ብረቱን ይስበዋል፤ ደሙ ይንቀሳቀሳል፤ ደሙ ሲንቀሳቀስ ሕመሙ ይለቃል።»

የኔታ ቀበቶውን እያገላበጡ አዩት። «ይገርማል! እኔ ሰው አፈር ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬ ለካስ ብረት ኖሯል።»

ወለተ ሐና ከበሩ ላይ ሆነው በጥርጣሬ ይመለከታሉ። «ሠርኬ፣ ጥንቆላ ነገር የለበትም?»

«ኧረ እቴቴ! የሳይንስ ነገር ነው። እኔን አንገቴን አድኖኝ የለ?»

«እንግዲያማ እሰሪልኝ» አሉ የኔታ። «አንቺ ያመጣሽው ክፉ አይሆንም።»

ቀበቶውን ከቀሚሳቸው በላይ፣ ከኩታቸው በታች አጥብቃ አሰረችላቸው። ከሰዓት በኋላ እንዲያርፉ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እንዲተኙ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡም አዘዘቻቸው። ይህንንም በወንዳወቅ ስብሰባ ላይ ሰምታ ነበር። የኔታ ሁሉንም እንደ ቀኖና ተቀብለው ፈጸሙ።

ኅዳር ሳያልቅ ወገባቸው ቀለል አላቸው። በታኅሣሥ ያለ ድጋፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሄዱ ጀመር። በጥር ቂርቆስ ታቦቱ ሲወጣ ካህናቱ መካከል ገብተው ወረቡን ቆሙ። መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲዘሙ ወለተ ሐና እልል አሉ፤ ሠርክአዲስ ከሴቶቹ መካከል ሆና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ጸሎቷ ሁሉ የደረሰላት መሰላት።

ወሬው ማንኩሳ ደረሰ፤ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ተሻገረ። ጉልበቱን የሚያመው ገበሬው ዳኘው «ለየኔታ ያመጣሽውን ለኔም አምጪ» ብሎ ላከባት። ራስ ምታት ያለባት፣ እጇ የሚደነዝዛት፣ እግሯ የሚያብጥባት ሁሉ ጠራቻት። ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም ላይ አዳራሽ ተከራይቶ ትልቅ ስብሰባ ሲጠራ መድረክ ላይ አወጣት። ሠርክአዲስ ሰው ፊት መናገር ታፍር ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አላፈረችም። የኔታ እንዴት እንደታመሙ፣ እንዴት ቀበቶውን እንዳሰሩ፣ እንዴት እንደቆሙ ተናገረች። አንዲት ቃል አልጨመረችም፤ ያየችው ይኸው ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዳወቅ በሄደበት ሁሉ «የአቋቋም መምህሩ» እያለ የየኔታን ነገር ሳያነሣ አይቀርም ነበር።

በመጋቢት የየኔታ ሕመም ተመለሰ። ፊት ከነበረውም ከፋ። የኔታ ግን ለማንም አልተናገሩም።

ተማሪዎቹን እንደገና ተቀምጠው ያስተምሩ ጀመር፤ «ዐቢይ ጾም ነው፣ ከበሮም ጸናጽልም የለ፣ ምን ያቆመኛል?» አሉ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ሠርክአዲስ ለመጠየቅ ስትመጣ አስቀድመው ተነሥተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«ቀበቶው እንዴት ነው፣ የኔታ?»

«እሱማ ጥብቅ አድርጎ ይዞኛል። አልለቀቀኝም።»

እሷ ስለ ቀበቶው የነገሯት መስሏት ደስ ይላታል። እሳቸው ግን ስለ ሕመሙ ነበር የሚናገሩት። መዋሸት አይወዱምና ለቅኔ ሰው የሚሆን ማምለጫ አበጅተው ነው።

ፋሲካ ደረሰ። ሠርክአዲስ ዶሮና ቅቤ ይዛ ለበዓል መጣች። ገበታው ቀርቦ ሁሉም ጾሙን ሲፈታ የኔታ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ነው አተኩራ ያየቻቸው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ኩታቸው ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው ልብስ መስሏል። ቀበቶውም በመጀመሪያ ካሰረችበት ቦታ ብዙ አልፎ ጠብቋል።

ከምሳ በኋላ ወለተ ሐና ጓሮ ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ተከትላቸው ወጣች። ያሰጡት የየኔታን ቀሚስ ነበር፤ በበዓል ቀን!

«እቴቴ፣ ዛሬም ያጥባሉ?»

ወለተ ሐና ቀሚሱን አጥሩ ላይ ዘረጉ፤ አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ።

«እቴቴ?»

«ጧት ጧት እንዲህ ነው፣ ልጄ። በላብ ተነክሮ ነው የሚያድር። ውኃ የተደፋበት ነው የሚመስል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመ። አሁን ደግሞ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ባለፈው ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ወደቁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሩኝ?» ድምጿ ከፍ አለ። «ደህና ነኝ ይሉኝ የለም?»

ወለተ ሐና ዘወር ብለው ወደ ቤቱ ተመለከቱ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አስምለውኝ ነው። ‹ልጅቱ በየሀገሩ በኔ ስም ነው የምትናገረው፤ መልሶ አመመው ከተባለ ሰው ፊት ታፍራለች። ዝም በይ፤ እኔ እችለዋለሁ› ብለውኝ ነው።»

ሠርክአዲስ ቆማ ቀረች። ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስልክ ይሠራ ስለነበር ወጥታ ለወንዳወቅ ደወለች። እንኳን አደረሰህ ሳትል ነገሩን ዘረገፈችለት።

«አይዞሽ» አላት፣ እንደ ሁልጊዜው በተረጋጋ ድምፅ። «እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው። ሕመሙ ሥሩ ሲነቀል ነው እንዲህ የሚያደርገው። ላቡ ምንድን ነው? መርዙ እየወጣ እኮ ነው! አሁን ነው መበርታት። የማግኔት ፍራሹን ጨምሪላቸው።»

ይህንን ቃል ሠርክአዲስ ታውቀዋለች። ራሷም ለሰው ስትናገረው ኖራለች። እጇ ለሚደነዝዛት ሴትዮ ተናግራዋለች፤ ለሌሎችም። አሁን ግን በየኔታ ላይ ሲነገር ስትሰማው ሌላ ነገር ሆነባት።

«ሰውየው ከስተዋል እኮ፣ ወንዳወቅ። እግራቸው እየሰነፈ ነው።»

«ጥርጣሬ ውስጥ አትግቢ። ያን ሁሉ ሰው ያሳመንሽ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ስልኩን ዘጋችው።

ስትመለስ የኔታ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ነበር። እንደ ልማዳቸው ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ያዘቻቸው።

«አይነሡ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

ወደ ባለቤታቸው ተመለከቱ። ወለተ ሐና አቀረቀሩ።

«ነገ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንሄዳለን» አለች ሠርክአዲስ።

«በበዓል?»

«በበዓል።»

«ሠርኬ፣ ስሚኝማ። ዳኘው አምባር ገዝቷል። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ገዝቷል። እኔ ሆስፒታል ገባሁ ከተባለ ‹ያች ልጅ አታለለችን› ነው የሚሉሽ። በኔ የተነሣ ስምሽ እንዲጠፋ አልፈልግም።»

«ይበሉኝ! የሰው አፍ ሲናገር ውሎ ይደክመዋል።» እንባዋ ወረደ። «እርስዎ ቢወድቁብኝ ግን ሌላ ማን አለኝ? እናት ሆናችሁ አባት ሆናችሁ ያሳደጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። ስሜን ማን አደራ ብሎዎት ነው ወገብዎን የሚያስይዙልኝ?»

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ጭንቅላቷን ዳሰሱ።

«እሺ» አሉ። «መድኃኒት የፈጠረውም እሱ ነው። ውሰጂኝ።»

በማግስቱ ጎረቤቶች በወሳንሳ ተሸክመው እስከ ማንኩሳ አወረዷቸው። ከዚያ ሚኒባስ ተገኘ። በመንገዱ ላይ ያዩ ሁሉ «የኔታን ምን አገኛቸው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሠርክአዲስ ለሁሉም «ወገባቸው ነው፤ ሐኪም ልናሳይ ነው» ብላ መለሰች። ለመጀመሪያዎቹ ስትመልስ ፊቷ ይቀላ ነበር፤ በኋላ ግን ተዋት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየቻቸው ዶክተር ትሕትና የምትባል፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ሐኪም ናት። ብዙ ጠየቀቻቸው። ላብ አለ ወይ? ምግብ ይጠላሉ ወይ? ክብደት ቀንሰዋል? ሳል ነበረ? ከብት ጋ ይውላሉ? እግር ይደነዝዛል? የኔታ ለእያንዳንዱ ቅኔ ሳይጨምሩበት መለሱ። ከዚያ ቀሚሳቸውን አስወልቃ በጀርባቸው መካከል ቁልቁል በጣቷ እየነካች ወረደች። አንዲት ቦታ ላይ ስትደርስ በቀስታ በጡጫዋ መታ አደረገችው። የኔታ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«እዚህ ጋ ትንሽ ወጣ ብሏል» አለች፤ የሠርክአዲስን እጅ ይዛ አስዳሰሰቻት። እውነትም ከአጥንቶቹ አንዱ እንደ ጉብታ ወጣ ብሎ ነበር። ቀበቶው በላዩ ይታሰር ስለነበር ማንም አላየውም።

ደም ተመረመሩ፤ ራጅ ተነሡ። ለተጨማሪ ምርመራ ባሕር ዳር ተልከው ተመለሱ። ዶክተር ትሕትና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየቻቸው።

«የኔታ፣ የያዘዎት የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው።»

«ቲቢ? ቲቢ የሳንባ አይደለምን? እኔ ሳል የለብኝም።»

«ብዙ ጊዜ ሳንባ ይይዛል። አንዳንዴ ግን በደም ሄዶ አጥንት ላይ ይቀመጣል። አጥንቱን ይበላዋል፤ ሲብስም ወደ እግር የሚሄደውን የነርቭ ጅማት ይጫነዋል። እግርዎ የሰነፈው ለዚህ ነው።»

«ይድናል?»

«በደንብ ይድናል። ዓመት ያህል ሳያቋርጡ መድኃኒት መውሰድ ነው። እግርዎም ገና ስላልከዳዎት ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

የኔታ ቀና ብለው ጣሪያውን ተመለከቱና አማተቡ። ሠርክአዲስ ግን ቀበቶውን ከከረጢቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ዶክተር፣ እኔ ነኝ ይኸን ያሰርኩላቸው። ይኸ ነው ያባባሰባቸው?»

ዶክተሯ ቀበቶውን አነሣችው፤ የማግኔቱን አዝራሮች ነካካች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም።

«ማግኔቱ አላባባሰውም፤ አላዳነውምም። ደም ውስጥ ብረት መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ማግኔት እንደ ምስማር የሚስበው ዓይነት አይደለም። በጥናትም ተሞክሮ ሕመም ያድናል የሚያሰኝ አልተገኘም።»

«ታዲያ እንዴት ተሻላቸው? ቆመው አይቻቸዋለሁ እኮ!»

«ቀበቶ ወገብን ይደግፋል፤ ማግኔት ባይኖረውም። ከሰዓት ከሰዓትም እንዲያርፉ አደረግሻቸው፤ እሱም ይረዳል። በዚያ ላይ የወገብ ሕመም መጣ ሄደ ይላል። ሲሄድ አጠገቡ ያገኘነውን እናመሰግናለን።» ጥቂት አሰብ አደረገች። «ጉዳቱ ጊዜ መውሰዱ ነው። በጥቅምት መጥተው ቢሆን አጥንቱ ይህን ያህል አይበላም ነበር።»

«ዘግይተናላ።»

«ዘግይታችኋል፤ ግን ደርሳችኋል።»

የመጀመሪያውን ሁለት ወር የኔታ ማንኩሳ ውስጥ ዘመድ ቤት ተቀመጡ፤ መድኃኒቱን በየቀኑ የጤና ጣቢያዋ ነርስ እያየች ነበር የምታስውጣቸው። በመጀመሪያው ቀን ሽንታቸው ቀልቶ ቢወጣ ደነገጡና ወለተ ሐናን ጠሩ። ወለተ ሐናም «ደም ነው!» ብለው ጮኹ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ «ከመድኃኒቱ ነው፤ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ» ስትላቸው የኔታ ሲስቁ ወገባቸውን አመማቸው። ያን ሳቅ ወለተ ሐና ከሰሙት ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

በሦስተኛው ወር ላቡ ቆመ። ምግብ ይጣፍጣቸው ጀመር፤ «ዛሬስ ሽሮው ምን ገባበት?» ይላሉ፣ ያው የሁልጊዜው ሽሮ ሲቀርብላቸው። ቀና ብለው እንዳይቀመጡ ስለታዘዙ በጀርባቸው ተኝተው ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ በአልጋቸው ዙሪያ ይቆማሉ፤ የኔታ በመዳፋቸው የአልጋውን ቋሚ እየመቱ ምቱን ይሰጣሉ። አንዱ ሲሳሳት ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ግራ እግርህ ቀደመ» ይሉታል። ከእግሩ ድምፅ ነው የሚያውቁት።

ሠርክአዲስ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ በፊት ግን ወንዳወቅ የጠራው ሌላ ስብሰባ ላይ ሄዳ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። እሱም ምንም ሳይጠረጥር መድረኩን ሰጣት።

«የአቋቋም መምህሩን ነገር ነግሬያችሁ ነበር» አለች። «ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ ልንገራችሁ።» ነገረቻቸው። ስለ ላቡ፣ ስለ እግራቸው፣ ስለ ራጁ ተናገረች። «ሕመም ያለበት፣ የከሳ፣ የሚያልበው ሰው ቤታችሁ ካለ አምባር አትሰሩለት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።»

ወንዳወቅ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እህታችን ሐዘን ላይ ናት» አለ። ከኋላ አንዱ ሰው «ሞቱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ኧረ እየዳኑ ናቸው!» አለች ሠርክአዲስ፤ ሰው ሳቀ። በዚያው ወጥታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወንዳወቅ ቡሬ ገበያ ላይ ሲያገኛት ከሩቅ እጁን ያነሣል፤ አጠገቧ ግን አይደርስም። ሥራውንም አልተወም። እሷም አልጠላችውም፤ የሚናገረውን ራሱም ያምን እንደነበር ታውቃለችና።

የሸጠችላቸውን ሰዎች እየዞረች አነጋገረች። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዳንዱ ዕቃውን መለሰና አዲስ ልብስ አሰፍቶ ተካክሶ ሄደ። እጇ የሚደነዝዛትን ሴት ራሷ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ ስኳር ተገኘባትና ሕክምና ጀመረች። ዳኘው ግን እጁን ከነአምባሩ ወደ ኋላው ደበቀ።

«አልመልስም! ጉልበቴን አሽሎልኛል።»

«ጋሽ ዳኘው፣ ማግኔቱ እኮ ጉልበት አያድንም። ሐኪሟ ነግራኛለች።»

«የኔታን አላዳነ ይሆናል። እኔን ምን አገባኝ?»

«እሺ ይያዙት። ግን ቢያብጥ ወይ ቢያተኩስዎት…»

«ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ እሄዳለሁ! አሁን ግን አላበጠም።» ማሳው ውስጥ ፈጠን ብሎ ተራመደ፤ ጉልበቱ ደህና መሆኑን ሊያሳያት።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ ዶክተር ትሕትና የመጨረሻውን ራጅ አይታ መድኃኒቱ ይበቃል አለች። በጀርባቸው ያለው ጉብታ አልጠፋም፤ ጎበጥ እንዳሉ ቀርተዋል። እግራቸው ግን ተመልሷል። «ይቁሙ፤ ሲደክምዎ ደግሞ ይቀመጡ» አለቻቸው።

ሐምሌ ቂርቆስ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ታቦቱ ወጥቶ ከጥዱ ሥር ሲቆም ካህናቱ ወረቡን ጀመሩ፤ የኔታም በመካከላቸው ነበሩ። እንደ ድሮው ከወገባቸው አልዘመሙም፤ ከትከሻቸው ነበር። ቀስ ብለው፣ ለምቱ ጥቂት ዘግየት ብለው ይዘማሉ፤ ወጣቶቹ ሳይነጋገሩ ፍጥነታቸውን ለእሳቸው ቀነሱላቸው። ሠርክአዲስና ወለተ ሐና በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጣብቀው ይመለከታሉ። ሲደክማቸው የኔታ ሳያፍሩ ከወረቡ ወጥተው የተዘጋጀላቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሆነው በመዳፋቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ቀጠሉ።

በማግስቱ ሠርክአዲስ ወደ ቡሬ መመለስ ነበረባት፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮ ይጠብቃታል። የኔታ «እሸኝሻለሁ» አሉ።

«ጭቃ ነው፣ የኔታ።»

«ጭቃ እኔን አያውቀኝም እንዴ?»

ጎን ለጎን ቁልቁል ወረዱ። በቆሎው ወገብ ደርሷል፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ በቦዩ ይንፎለፎላል። በየማሳው ያለ ሰው ሥራውን አቁሞ «የኔታ! እንኳን ለዚህ አበቃዎ!» ይላል፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ ቆመው ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዘሩን ሳይጠይቁ አያልፉም። ሠርክአዲስ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት እየቸኮለች ብትጎተጉታቸውም አልሰሟትም። አንዷ ገበሬ እንዴት እንደዳኑ ብትጠይቃቸው ቁጭ ብለው ከላቡ ጀምረው አስረዷት፤ ባሏ ሳል እንዳለበት ስትነግራቸውም «ነገ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ነገ ካልሽ ግን ነገ ነው» አሏት።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ አውቶቡሱ አልፎ ነበር። ሌላ እስኪመጣ አንዱ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። የኔታ ቀኖቹንና መዝሙሮቹን እየቆጠሩ ለመስከረም የሚገቡትን አዳዲስ ተማሪዎች እንዴት እንደሚጀምሩላቸው ይነግሯታል፤ እሷም ስንት ዩኒፎርም እንደቀራት ትነግራቸዋለች። ከፍኖተ ሰላም በኩል የሚኒባስ ጡሩንባ ሲሰማ የኔታ ከእሷ ቀድመው ብድግ አሉና ወደ አስፋልቱ ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙ።